የኦሪን ስታቪግ የእሑድ ምሳ

አይዴላ ስታቪግ የሞተችው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እንደ ልማዳቸው ምግብ ይዘው መጡ። ሁሉም በመስታወት ትሪ ነው፤ ከላይ ፎይል፣ ከሥሩ የትሪው ባለቤት ስም የተጻፈበት ፕላስተር። የአይዴላ ባል ኦሪን የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ ሞላ፤ ያ ሲሞላ ምድር ቤት ያለውን ትልቁን ሞላ። ሣሩ እስኪወጣ ድረስ ያንን እያሞቀ በላ።

ከዚያ ትሪዎቹ አለቁ። አጥቦ አንድ በአንድ ለየባለቤቶቹ መለሰ።

በእሱና በእኔ ቤት መካከል ያለው አንድ የኋላ መንገድ ብቻ ነው። የእኔ የወጥ ቤት መስኮት የእሱን ፊት ለፊት ያያል። ምን እንደሚበላ አልጠየቅሁትም፤ ይታየኝ ነበር። ጠዋት ብስኩት። ቀትር ላይ ከቆርቆሮ የወጣ ሾርባ፣ ማታም ያው። ሱሪው ወገቡ ላይ በቀበቶ ተጨምድዶ እንደታሰረ የጆንያ አፍ ሆነ።

ኦሪን ሰነፍ ሰው አይደለም። ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው፤ ሌሎቹን በወጣትነቱ የበቆሎ መልቀሚያ ማሽን ወስዷቸዋል። በዚያ እጅ ትራክተር ነድቷል፣ አጥር አጥሯል፣ ላም አልቧል። ቢላዋውን በግራው ይይዛል። ድንቹን ግን በቀኙ መያዝ አይችልም፤ ያመልጠዋል። ዕድሜውን ሁሉ ድንቹን የያዘችው አይዴላ ነበረች።

ልጁ ረኔ የምትኖረው ፋርጎ ነው። በበጋው መጨረሻ መጣች። እኔና ኦሪን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። አባቷን አይታ ምንም ሳትል ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰናፍጭ ነዋ።»

«ሰናፍጩን በምን ትበላዋለህ?»

«በዳቦ።»

«ዳቦውስ?»

«አልቋል።»

ማቀዝቀዣውን ዘጋች። ወጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ፋርጎ ውስጥ ስላለው የአረጋውያን ቤት ነገረችው። ንጹሕ ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያበላሉ፣ ካርታ የሚጫወት ሰው ሞልቷል። አንድ ክፍል ተገኝቷል፤ ለጊዜው በስሙ ይዘውለታል።

«እኔ ካርታ አልጫወትም» አለ ኦሪን።

«ትማራለሃ።»

«ከቤቴ አልወጣም።»

«ስማኝ አባዬ። ልጣላህ አልመጣሁም። በመስኮት እያየሁ ልጠብቅህ አልችልም፤ ሩቅ ነኝ። መከሩ ሲያልቅ አንድ እሑድ እመጣለሁ። ምሳ ሠርተህ አብላኝ። ከቆርቆሮ ያልወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ላቮንም ያላመጣችው፣ አንተ የሠራኸው። ራስህን መመገብ መቻልህን በዓይኔ ካየሁ ስለ ክፍሉ ደግሜ አላነሳም። ካልሆነ ግን ከበረዶው በፊት ትገባለህ።»

«እሺ» አለ።

መኪናዋ ሄደ። ኋላ ላይ እሱ ጀመረ።

«ሄልመር፣ አንተ ብቻህን ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትበላ ነው የኖርከው?»

«ምግብ።»

«ማን አሳየህ?»

«ረሃብ።»

ሚስት አላገባሁም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ለራሴ አበስላለሁ። እጄ አይጣፍጥም። ድካም ግን አልወድም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ከድካም ስሸሽ ነው።

በማግስቱ ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። ከአሮጌ በር የቀረ የወይራ መልክ ያለው ጠንካራ ጣውላ ነበረው። የማይዝጉ ሁለት ሚስማሮች ጎን ለጎን ከሥር ወደ ላይ እንዲመታበት ነገርኩት። እንጨት ሥራ ላይ ከእኔ ይሻላል፤ የሚስማሮቹን ራስ ጣውላው ውስጥ ቀብሮ፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ወጥ ቤት ገብተን ጨርቅ አርጥቤ አነጠፍኩ፣ መክተፊያ የሆነውን ጣውላ በላዩ አስቀመጥኩ። በእጄ ገፋሁት። አልተንሸራተተም። ድንች አንስቼ ሚስማሮቹ ላይ ሰካሁት።

«ቁረጥ» አልኩት።

ቢላዋውን በግራ እጁ ይዞ ቆረጠ። ድንቹ ባለበት ቆመ። ኦሪን ግማሹን ነቅሎ አየው፤ መልሶ ሰክቶ እንደገና ቆረጠ። ያን ቀን ያለ የሌለ ድንቹን ቆረጠው። የሚበላው ሰው ስላልነበረ ውሃ ውስጥ ነክረን ተውነው።

ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሄድ ጀመር። የማውቀው ብዙ አይደለም። ድንች ለመላጥ ለምን ትታገላለህ፣ አልኩት፤ ወገቡን በቢላዋ ዙሪያውን ጭረው፣ ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ሥጋ እየተለጠጠ ካስቸገረህ በረዶ ቤት ከተው፤ ደረቅ ሲል አውጥተህ ቁረጠው፣ እንደ አይብ ይቆረጥልሃል። የዶሮ መገጣጠሚያ በቢላዋ አትፈልግ፤ መቀስ አለልህ። የጠርሙስ ክዳን እንቢ ሲልህ አትጠምዝዘው፤ የማንኪያ እጀታ ከጠርዙ ሥር አስገብተህ አየር ስጠው፣ ጧ ይላል። ሽንኩርት በከተፍክ ቁጥር ለሌላ ቀን የሚሆን ጨምረህ ክተፍ፤ በላስቲክ ውስጥ በስሱ ዘርጋና በረዶ ቤት አስገባው፤ ስትፈልግ እንደ ቸኮሌት ትሰብረዋለህ።

«ይሄን ሁሉ የምታውቅ ሰው ለምን አላገባህም?» አለኝ።

«ማን ትጠቅመኛለች?»

«እውነትም። አንተን የምትጠቅም ሴት አልተፈጠረችም።»

ዱባው ላይ ተጣላን። የእኛ አገር የክረምት ዱባ ልጣጩ እንደ ቀንድ ነው፤ ጤነኛ እጅም ያደክማል። ሳትቆርጠው እንዳለ ኦቨን ውስጥ አስገባው፣ ሲለሰልስ ማንኪያ ይበቃዋል፣ አልኩት። አስቀድሞ በሹካ እንዲበሳሳው ነግሬው ነበር። አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ ንቆታል። ተቀምጠን ስለ ስንዴ ዋጋ ስናወራ ኦቨኑ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳ። በሩን ሲከፍተው የኦቨኑ ጣሪያም ግድግዳም ዱባ ለብሷል።

«በሹካ በለው አላልኩም?»

«በሹካ ብላው ያልከኝ መስሎኝ!»

«ከመብሰሉ በፊት?»

«እንዳንተ ያለ አስተማሪ!» አለና ሳቀ። አይዴላ ከሞተች ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለን በማንኪያ ጠርገን አወጣነው። የወጣውን በላነው።

መከሩ ተሰበሰበ። ኦሪን ሱሪው ትንሽ ሞላለት። ለረኔ የሚሠራውንም መረጠ፤ ዶሮ በመቀስ ተቆራርጦ፣ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ሁሉም በአንድ ትሪ፣ አንዴ ኦቨን ከገባ ማማሰል የለ፣ መገልበጥ የለ። ብዙ ዕቃም አይታጠብለትም። ሁለት ጊዜ ለእኔ ሠርቶ ሞከረው። የመጀመሪያው ካሮቱ አልበሰለም ነበር። ካሮቱን ከድንቹ ቀድሞ እንዲያስገባው ነገርኩት። ሁለተኛው ደህና ነበር። ደህና ነው አልኩት።

ስህተቱ የተሠራው ቅዳሜ ነው። ኦሪን ሱቅ ሄዶ ሙሉ ዶሮ ገዛ። በእኛ ከተማ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሙሉ ዶሮ ከገዛ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ሱቁ በር ላይ ላቮን ቢየርክ አገኘችው። ላቮን የቤተ ክርስቲያናችንን ወጥ ቤት የምታዝ ሴት ናት። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ረኔ ነገ ትመጣለች አሉ» አለች።

«አዎ።»

«ምን ልታበላት ነው?»

«አንድ ነገር አይጠፋም።»

እኛ ዘንድ እንዲህ የሚል ሰው ወይ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይ ደግሷል። ዶሮ ልሠራ ነው፣ እችልበታለሁ፣ ብሎ ነገር የለም። ላቮን ባዶ ነው ብላ ወሰደችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦሪን ትሪውን ኦቨን ውስጥ አስገባ። መክተፊያውን አጥቦ ከማጠቢያው በታች ካለው ቁም ሣጥን ከተተው፤ ልጅቷ ሚስማሩን አይታ እንዳትደነግጥ ነው። እኔ ሹካና ቢላዋ ደረደርኩ። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር። ያኔ የኋላው በር ተከፈተ። በእኛ አገር የኋላ በር አይንኳኳም።

ላቮን ናት። በአንድ እጇ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ፣ በሌላው ጄሊ የሞላ ሳህን ይዛለች፤ ሽርጧን ከቤቷ ለብሳው መጥታለች።

«መቸገር አልነበረብሽም» አለ ኦሪን።

«ምኑ ነው ችግሩ፤ ቤት የነበረ ነገር ነው። ፓስታ በዶሮና በእንጉዳይ። ወግድልኝ እስኪ።»

ኦቨኑን ከፈተች። የእሱን ትሪ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

ኦሪን ጆሮውን አከከ። «እዚሁ የነበረ ነው» አለ።

«የአርዲስ ነው! አውቄያለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንዲህ ወፍራም ወፍራም አድርጋ ካሮት የምትቆርጥ አርዲስ ብቻ ናት። ቀድማኝ መጣችና ሳትነግረኝ ሄደች፣ አየህልኝ?» የእሱን ትሪ ወደ ታች ገፍታ የራሷን ከላይ አስገባች።

ኦሪንን አየሁት። እሱም አየኝ። ያኔ ቢናገር ይችል ነበር። በገዛ ቤቱ፣ ምግብ ይዛለት የመጣችን ሴት፣ አይደለም፣ ይሄ የእኔ እጅ ነው ብሎ ማረም ነበረበት። አርዲስ አይደለችም፣ ትሪሽን ውሰጂልኝ፣ ማለት ነበረበት። ይህን የሚል ሰው እዚህ አላደገም።

ረኔ ስትገባ ያየችው ላቮንን ነው፤ ሽርጥ ለብሳ ከኦቨኑ ትሪ ስታወጣ። በሩ ላይ ቆመች። ኮቷን ቀስ ብላ አወለቀች። «ሰላም ላቮን» አለች፤ ሳመቻት፣ የልጆቿን ደኅንነት ጠየቀች። ደህና ያደገች ልጅ ናት።

ተቀመጥን። ኦሪን ጸለየ። ላቮን አደለች።

«ይሄ የእኔ ነው፣ ዶሮው ደግሞ የአርዲስ» አለች ላቮን። «ብላ ኦሪን፣ ከስተህ ሰው መምሰል አቃተህ።»

ረኔ ፓስታውን በላች። ዶሮውን በላች። ዶሮውን ደግማ አነሳች።

«አርዲስ እንዲህ ታበስላለች እንዴ?»

«እኔንም ገርሞኛል» አለች ላቮን። «የእሷ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ይሄማ… ጥሩ ነው። የሆነ ሰው ነግሯታል።»

ኦሪን ዳቦውን ቅቤ ቀባ። ቀብቶ ሲያበቃ እንደገና ቀባው። እኔ ካሮቱን በላሁ፤ በስሎ ነበር።

ላቮን ሳህኖቹን አጥባ፣ የተረፈውን በየዕቃው ከታ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደርድራ ሄደች። ለረኔ፣ «ስለ አባትሽ አታስቢ፣ እኛ አለን» አለቻት። ከልቧ ነው ያለችው። በሩ ተዘጋ።

ረኔ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩህ አባዬ።»

ኦሪን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ላቮን ነገ ትታመማለች። አርዲስም እድሜዋ ገፍቷል። በሰው ትሪ ስንት ክረምት ትወጣለህ? ልቆጣህ አልፈልግም። ቃሌ ቃል ነው። ነገ ለአረጋውያን ቤቱ ሰዎች ይገባል እላቸዋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ሄልመር፣ እርስዎ በየቀኑ እዚህ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ። አንድ ነገር ይሠራል?»

«እሱን ጠይቂው» አልኳት።

«እሱማ አይናገር!»

«እንግዲያስ ዓይን አለሽ።»

ኦሪን ተነሳ። ጉልበቱ ቋ አለ። «ራት በልተሽ ትሄጃለሽ» አላት።

«አሁን እኮ በላን። መንገዱ ሳይመሽብኝ…»

«ይመሽብሽ።»

አባቷ በሕይወቱ እንዲህ ብሏት አያውቅም መሰለኝ፤ አንስታው የነበረውን ኮቷን መልሳ አስቀመጠች። ኦሪን ከበረዶ ቤት የአሳማ ሥጋ አውጥቶ እንዲለሰልስ ተወው። ቁጭ ብለን ቆየን። ስለ አየሩ ተነጋገርን፤ እናቷ ስለተከለቻቸው አበቦች ተነጋገርን። ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ኦሪን ሥጋውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ማቀዝቀዣው በላቮን ምግብ ጢም ብሎ ሞልቷል። አልነካውም።

ጨርቅ አረጠበ። መክተፊያውን በላዩ አደረገ። ረኔ ሚስማሮቹን አየች።

«ያ ምንድን ነው? አባዬ፣ እጅህን ትወጋለህ!» ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ሽንኩርቱን ሰካው። ሁለት ጣቶቹን ከኋላ ደግፎ በግራው ቆረጠ። አንድ ቁራጭ ወለል ላይ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አጠበው፣ መለሰው። ረኔ እንደገና ተነሳች፤ ምንም ሳልላት ራሷ ተቀመጠች። ድንቹ ላይ ቢላዋው ሲያዳልጠው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሥጋው ገና ደረቅ ያለ ነበር፤ በስሱ ተቆረጠለት። ቀርፋፋ ነው። አይዴላ በዚያን ያህል ጊዜ ለአጫጆች ሁሉ ታበስል ነበር። ግን አላቆመም፣ እኔንም አልጠራም። መጥበሻው ውስጥ ሥጋውን፣ ከዚያ ድንቹን፣ ከዚያ ሽንኩርቱን ጨመረ፤ እንቁላል በአንድ እጁ ሰብሮ አፈሰሰበት። እንቁላል በአንድ እጅ መስበር እኔም አልችልም። ያን ብልሃት ራሱ ነው ያወጣው።

መጥበሻውን እየነቀነቀ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። ረኔ መክተፊያው ላይ የቀረችውን ወፍራም የድንች ቁራጭ አየቻት።

«ዶሮውንም አንተ ነህ የሠራኸው።»

«አዎ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ላቮን ተቀምጣ?»

አፏን በእጇ ያዘች። ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አልለየሁም። «እኔ እኮ ልወስድህ ነበር» አለች። «ዝም ብለህ ልትወሰድ ነበር?»

«ራት ብዪ አልኩሽ እኮ።»

በሦስት ሳህን አቀረበ። ጸሎቱ አጭር ነበር። ረኔ ጎረሰች፣ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

በከተማችን ተይዞ ለመጣ ምግብ ጨው ያንሰዋል ያለ ሰው የለም። ኦሪን ቀና አለ። ቀመሰው።

«ያንሰዋል» አለ።

«ሽንኩርቱም አርሮብሃል።»

«ትንሽ።»

«ትንሽ አይደለም። ሌላ ቀን ስትሠራ እሳቱን ቀንስ፤ ሽንኩርቱንም ወደ መጨረሻው ጨምረው።»

«ሌላ ቀን የት?»

«እዚሁ ነዋ፣ የት ልትሠራ ነው? እዚያ ወጥ ቤት አያስገቡህም።» ጨው ነሰነሰችበትና መብላት ቀጠለች። «ነገ ደውዬ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡ እላቸዋለሁ። ግን እነዚያን ሚስማሮች ሥራ ስትጨርስ የሆነ ነገር ሰካባቸው። ቡሽ፣ ድንች፣ የፈለግከውን። ሳያቸው ይዘገንነኛል።»

«እሺ።»

«ለላቮንም ትነግራታለህ።»

ኦሪን ማኘኩን አቆመ።

«እሱን አልችልም» አለ።

ረኔ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔም አልችልም» አልኳት። ሽንኩርቱ እውነትም አርሯል። ጨረስኩትና ሳህኔን ወደ ማጠቢያው ወሰድኩ።